አርኖልድ ጌዜል

አርኖልድ ሉሲየስ ጌዜል (ሰኔ 15 ቀን 1872 ዓ.ም. – ግንቦት 21 ቀን 1953 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 1880 – ሜይ 29 ቀን 1961) አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁርና የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ሕፃናት በስንት ወራቸው እንደሚቀመጡ፣ እንደሚድሁ፣ እንደሚራመዱና አፋቸውን እንደሚፈቱ በፎቶግራፍና በፊልም እየመዘገቡ በዕድሜ ቅደም ተከተል ያስቀመጡ ተመራማሪ ናቸው። ዛሬ በብዙ አገሮች የጤና ባለሙያዎች የሕፃን ዕድገት ለመከታተል የሚጠቀሙባቸው የዕድገት ምልክቶች ዝርዝሮች በአብዛኛው ከእርሳቸው ሥራ የተነሡ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጌዜል የተወለዱት በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው አልማ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ የጀርመን ዝርያ ያለው ሲሆን አባታቸው ፎቶግራፍ አንሺ፣ እናታቸው ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው በመሆናቸው ታናናሾቻቸው ሲወለዱ፣ ሲድሁና ሲያድጉ እያዩ አደጉ። የአባታቸው ካሜራና የእናታቸው ትምህርት ቤት በኋላ ዘመናቸው በአንድ ሥራ ውስጥ ተገናኝተዋል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ከተማሩ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አስተምረው፣ በ1903 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ቀጥለውም በማሳቹሴትስ ወደሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የልጆች ጥናት በአሜሪካ እንዲስፋፋ ያደረጉት ስታንሊ ሆል ነበሩ። ጌዜል በእርሳቸው ሥር ተምረው በ1906 ስለ ቅናት በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

ከዚያም በሎስ አንጀለስ በነበረ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምሩ አስተማሪ ከነበሩት ከቢያትሪስ ቻንድለር ጋር ተዋውቀው በ1909 ተጋቡ። ባልና ሚስቱ በ1912 ስለ ጤናማ ልጅና ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አንድ መጽሐፍ በጋራ አሳትመዋል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ወንዱ ልጃቸው ጌርሃርድ ጌዜል በኋላ የታወቀ የፌዴራል ዳኛ ሆኗል።

በዬል ዩኒቨርሲቲ

በ1911 ጌዜል በኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ በሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ረዳት ፕሮፌሰር ሆነው ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ለሕፃናት የሚሆን አነስተኛ ክሊኒክ ከፈቱ። ክሊኒኩ መጀመሪያ የተቋቋመው በትምህርታቸው ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ለመመርመር ነበር። ጌዜል ግን የታመመውን ወይም የዘገየውን ልጅ ለማወቅ አስቀድሞ ጤናማው ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ያስፈልጋል ብለው አመኑ። በዘመኑ የተጻፉት መግለጫዎች አብዛኛዎቹ ወላጆች ስለ ገዛ ልጆቻቸው የያዙት ማስታወሻ ስለ ነበሩ በቂ ሆነው አላገኟቸውም።

የሕፃን አእምሮ ከአካሉ ተነጥሎ ሊጠና አይችልም የሚል እምነት ስላደረባቸው እያስተማሩ ሕክምና ተማሩና በ1915 የሕክምና ዶክትሬታቸውን ከዬል አገኙ። ከ1915 እስከ 1919 ድረስ ደግሞ የኮኔቲከት ግዛት የትምህርት ቦርድ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። በአሜሪካ በዚህ የሥራ መጠሪያ የተቀጠሩ የመጀመሪያው ሰው እንደ ሆኑ ይነገራል።

የ1913ቱ ጽሑፍ

በጌዜል የሕይወት ታሪክ ውስጥ በቀላሉ የማይታለፍ አንድ ጽሑፍ አለ። በ1913 የትውልድ ከተማቸውን ነዋሪዎች በየቤቱ ቆጥረው የአእምሮ ድካም፣ የአእምሮ ሕመምና ስካር ያለባቸውን ቤተሰቦች በካርታ የሚያሳይ ጽሑፍ በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ አወጡ። ጽሑፉ በዘመኑ በአሜሪካ ከተስፋፋው ኢዩጀኒክስ ከተባለው አስተሳሰብ የመነጨ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ድህነትም ሆነ የአእምሮ ሕመም በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳይወልዱ መከልከል አለባቸው የሚል ሲሆን፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሰዎች በግድ እንዲመክኑ የሚያደርጉ ሕጎችን አስከትሏል።

ጌዜል በኋላ ዘመናቸው የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ልዩ ትምህርት እንዲያገኙ ተሟግተዋል። ያም ሆኖ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዘርና ስለ ተፈጥሮ ብስለት የነበራቸው ጽኑ እምነት ከዚህ ዘመን የተረፈ ነው ብለው ይከራከራሉ።

የምልከታው ጉልላት

ጌዜል ከ1924 ጀምሮ ሕፃናትን በተንቀሳቃሽ ፊልም መቅረጽ ጀመሩ። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ከሮክፌለር ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ አገኙና የግማሽ ሉል ቅርጽ ያለው የምልከታ ጉልላት አሠሩ። ካሜራዎቹ ጉልላቱ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተቱ ነበር። የጉልላቱ ግድግዳ በቀለም ከተቀባ ስስ ወንፊት የተሠራ በመሆኑ በጨለማ ውስጥ የተቀመጡት ተመልካቾች ሕፃኑን ሲያዩት፣ በብርሃን ውስጥ ያለው ሕፃን ግን እነርሱን አያይም።

የምርመራው ዕቃዎች ቀላል ነበሩ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያላቸው ቀይ የእንጨት ኩቦች፣ ጭልፋ መሳይ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ደወል፣ ቀለበትና በሁለት ጣት ብቻ ሊነሣ የሚችል ትንሽ ፍሬ። ተመራማሪው ኩቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሕፃኑ ምን እንደሚያደርግ ይመለከታል፤ መጀመሪያ ዓይኑ ብቻ ይከተላል፣ ከወራት በኋላ በሙሉ መዳፉ ይጨብጣል፣ ቆይቶም በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ያነሣል። ፊልሙ ምስል በምስል እየቆመ ስለሚታይ ዓይን የማይዘው እንቅስቃሴ ሁሉ ይቆጠር ነበር። በ1934 የታተመው ባለ ሁለት ቅጽ የሕፃናት ባሕርይ አትላስ 3,200 ፎቶግራፎችን ይዟል።

የዕድገት ሰንጠረዥ

ጌዜል የመጀመሪያውን የዕድገት ሰንጠረዥ በ1925 አሳተሙ፤ በ1940 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሻሽለው አወጡት። ሰንጠረዡ የሕፃኑን ዕድገት በአራት ይከፍላል፤

እንቅስቃሴ፦ ራስን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ መቀመጥ፣ መዳህ፣ መቆም፣ መራመድና የእጅ አጠቃቀም።

ችግር መፍታት፦ ዕቃ መፈለግ፣ ኩብ መደርደር፣ መስመርና ክብ መሳል።

ቋንቋ፦ ድምፅ ማውጣት፣ የሚባለውን መረዳት፣ ቃላት መናገርና ማገጣጠም።

ማኅበራዊ ኑሮ፦ ፈገግታ፣ እንግዳ መለየት፣ በራስ መብላት፣ ልብስ ማውለቅ፣ ከሌሎች ጋር መጫወት።

ድክ ድክ የሚል ሕፃን በጌዜል ሰንጠረዥ ላይ በግምት እንዲህ ሆኖ ይታያል። በ15 ወሩ ብቻውን ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፤ ሁለት ኩቦች ያነባብራል። በ18 ወሩ ሲሄድ እምብዛም አይወድቅም፤ ሦስት ወይም አራት ኩቦች ይደረድራል፤ ጥቂት ቃላትም ይናገራል። በሁለት ዓመቱ ይሮጣል፤ ስድስት ወይም ሰባት ኩቦች ያቆማል፤ ሁለትና ሦስት ቃላት ያገጣጥማል። በሦስት ዓመቱ ደረጃ ሲወጣ እግሮቹን ያፈራርቃል፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ኩቦች ይክባል፤ ክብ አይቶ ይስላል፤ በዓረፍተ ነገርም ይናገራል።

ሰንጠረዡ የማሰብ ችሎታን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ የታሰበ አልነበረም። ጌዜል አንድ ልጅ በእንቅስቃሴ ቀድሞ በቋንቋ ሊዘገይ ስለሚችል አራቱም ዘርፎች ለየብቻ መታየት እንዳለባቸው ያስተምሩ ነበር።

የመንትዮቹ ጥናት

ጌዜል በይበልጥ የሚታወቁበት ሙከራ ከሄለን ቶምሰን ጋር በ1929 ያሳተሙት የመንታ ልጆች ጥናት ነው። ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑት ሁለቱ ሴት መንትዮች በጽሑፉ ውስጥ ቲ እና ሲ በሚሉ ፊደላት ተጠርተዋል። ቲ 46 ሳምንት ሲሞላት ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ ደረጃ መውጣት እንድትለማመድ ተደረገ። ሲ ግን በዚያ ጊዜ ምንም ሥልጠና አላገኘችም። ሲ 53 ሳምንት ሲሆናት ሥልጠና ባትወስድም ደረጃውን ያለ እርዳታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንታት ብቻ ሠልጥና ከእኅቷ ጋር ለመስተካከል በቃች።

ጌዜል ከዚህ ተነሥተው ሥልጠና ጊዜው ከመድረሱ በፊት ብዙም አይጠቅምም፣ የሕፃኑ ነርቭና ጡንቻ ሲበስል ግን ትምህርቱ በቀላሉ ይይዛል አሉ። ይህ አመለካከት የብስለት ንድፈ ሐሳብ ተብሎ ይታወቃል። በዘመኑ ከነበረው፣ ልጅ በልማድ እንደ ሸክላ የሚቀረጽ ነው ከሚለው ከጆን ዋትሰን ትምህርት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነበር።

ለወላጆችና ለሐኪሞች የጻፏቸው መጻሕፍት

ጌዜል ከሐኪሟ ፍራንሲስ ኢልግ ጋር በ1943 ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የጻፉት መጽሐፍ በአሜሪካ ቤቶች በስፋት ተነበበ። በ1946 ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ስላሉ ልጆች፣ በ1956 ደግሞ ስለ ወጣቶች የተጻፉት ተከታይ መጻሕፍት ታተሙ። መጻሕፍቱ እያንዳንዱን ዕድሜ የራሱ ጠባይ እንዳለው አድርገው ይገልጹ ነበር። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ እምቢታና ግትርነት ሲያበዛ ወላጅ ክፉ ጠባይ ነው ብሎ ከመቅጣት ይልቅ የሚያልፍ ደረጃ መሆኑን እንዲያውቅ መከሩ። ብዙ እናቶች ከዚህ መጽናናት አገኙ። ሌሎች ደግሞ ልጃቸው ከተጻፈው ወር በትንሹ ሲዘገይ መጨነቅ ጀመሩ።

ከካተሪን አማትሩዳ ጋር በ1941 ያወጡት የምርመራ መጽሐፍ ግን ለሐኪሞች የተጻፈ ነበር። የመጽሐፉ ዓላማ በአእምሮ፣ በነርቭ፣ በመስማት ወይም በማየት ላይ ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ለይቶ ማወቅ ነው። ልጅ ጊዜው ሲደርስ ይራመዳል የሚሉት እኒሁ ሰው፣ ጊዜው አልፎ ያልተራመደ ልጅ ካለ ሐኪም ዝም ብሎ መጠበቅ እንደሌለበት አስተምረዋል። ክሊኒካቸው በማደጎ የሚሰጡ ሕፃናትን በመመርመርም ይታወቅ ነበር።

በዚያው በ1941 ስለ ካማላ፣ ማለትም በህንድ በተኩላዎች መካከል አደገች ስለ ተባለች ልጅ የጻፉት መጽሐፍ ግን ክብር አላተረፈላቸውም። ታሪኩን እንደ እውነት ተቀብለው ስለ ጻፉ፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን የሚያውቁ ምሁራን ነቀፏቸው።

የመጨረሻ ዘመን

ጌዜል በ1948 ከዬል በጡረታ ተገለሉ። ዩኒቨርሲቲው የክሊኒኩን አመራርና አቅጣጫ ለወጠ። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ፍራንሲስ ኢልግና ሉዊዝ ቤትስ ኤምስ ግን በ1950 በዚያው በኒው ሄቨን በስማቸው የሚጠራ ተቋም ከፈቱ። ጌዜል በ1961 በ80 ዓመታቸው በኒው ሄቨን ዐረፉ።

ትችት

በጌዜል ሥራ ላይ የቀረበው ዋና ትችት የናሙናው ጠባብነት ነው። የዕድገት መለኪያው የተዘጋጀው በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ መካከለኛ ኑሮ ያላቸውና ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ የሆኑ ነጭ ቤተሰቦች ልጆችን በማየት ነበር። የኒው ሄቨን ሕፃን የሚያደርገው ነገር የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ተደርጎ ተወሰደ።

ሁለተኛው ትችት በመንትዮቹ ጥናት ላይ ነው። የተጠኑት አንድ ጥንድ ልጆች ብቻ ናቸው። ሲም ብትሆን ደረጃ ባትለማመድም በቤቷ ውስጥ እንደ ልቧ ስትድህና ስትነሣ ስለ ቆየች ከልምድ ውጭ አልነበረችም።

ሦስተኛው የመጣው ከኋለኛው ዘመን ምርምር ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ይዘው ቢያቆሙት እንደሚራመድ ሁሉ እግሮቹን ያነሣል፤ ይህ ከሁለት ወር በኋላ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የአንጎል ብስለት ነው ይባል ነበር። በ1980ዎቹ አስቴር ቴለንና ባልደረቦቿ ሕፃናቱን እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ሲያቆሟቸው እርምጃው ተመልሶ መጣ። እግሩ ስለ ከበደ እንጂ አንጎሉ ስለ ከለከለው አልነበረም። ስለዚህ የሕፃን ዕድገት የውስጥ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የአካል ክብደት፣ የጡንቻ ጉልበትና የአካባቢው ድምር መሆኑ ታየ።

ሰንጠረዡ ወደ አፍሪካና ወደ ዓለም

በ1950ዎቹ ፈረንሳዊቷ ሐኪም ማርሴል ጌበር የጌዜልን መመርመሪያ ወደ ኡጋንዳ ወስደው በካምፓላና በአካባቢዋ ያሉ ሕፃናትን መረመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃናቱ በእንቅስቃሴ ከአውሮፓውያኑ ልጆች ቀድመው አገኟቸው። በውጤቱ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ ኋላ ላይ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን እናቶች ልጅን ማዘላቸው፣ በትራስ ደግፈው መቀመጥ ማስለመዳቸውና እያቆሙ ማጫወታቸው ለመቀመጥና ለመራመድ እንደሚረዳ አሳይተዋል።

በ1967 በአሜሪካ የወጣው የዴንቨር መመርመሪያ ከጌዜል ብዙ ጥያቄዎችን ወስዶ አንድ ትልቅ ለውጥ አደረገ። ለእያንዳንዱ ችሎታ አንድ ዕድሜ ከመስጠት ይልቅ ከመቶ ልጆች 25ቱ፣ 50ዎቹ፣ 75ቱና 90ዎቹ የሚደርሱበትን ዕድሜ አሳየ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው ጥናት ይህንኑ አሰፋው። በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በጥሩ ሁኔታ ያደጉ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ የሚከተሉትን የጊዜ ክልሎች አስቀመጠ፤

ሳይደገፍ መቀመጥ፦ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር
በእጅና በጉልበት መዳህ፦ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር
ሳይደገፍ መቆም፦ ከ6.9 እስከ 16.9 ወር
ሳይደገፍ መራመድ፦ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር

ክልሎቹ ሰፊ ናቸው። አንዱ ልጅ በዘጠኝ ወሩ፣ ሌላው በአሥራ ሰባት ወሩ ቢራመድ ሁለቱም ጤናማ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሕፃናቱ 4.3 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የተራመዱት። በአገራችን እንፉቅቅ የሚባለው፣ በመቀመጫ እየተንፏቀቁ መሄድም ለብዙ ልጆች የመዳህን ቦታ የሚተካ ነው።

በኢትዮጵያ

የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሕፃንን ዕድገት ከጥንት ጀምሮ በራሱ ቃላት ሲከታተል ኖሯል። ተቀመጠ፣ ዳኸ፣ ዳዴ አለ፣ ድክ ድክ አለ፣ አፉን ፈታ የሚባሉት ሁሉ የዕድገት ምልክቶች ናቸው። ልጅ ዘገየ ተብሎ ሲጠየቅም ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል የሚለው የአያቶች መልስ ከጌዜል ንድፈ ሐሳብ ብዙም አይርቅም።

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን የጌዜል ልጆች በደንብ የበሉ፣ ሐኪም የሚያያቸውና ወባ የማይነካቸው ነበሩ። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ናቸው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የታለመ ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በደምቢያ ወረዳ በቆላ ድባ አካባቢ፣ ወባ ለረጅም ዘመን ሕፃናትን የጎዳ በሽታ ነው። በምግብ እጥረት፣ በደም ማነስ፣ በአዮዲን እጥረት ወይም ወደ አንጎል በወጣ ወባ ምክንያት የዘገየ ልጅ ጊዜው ስላልደረሰ አይደለም የዘገየው።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎች በተግባር ከሚሠለጥኑባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ በቆላ ድባ የሚገኘው ነበር። እንዲህ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለክትባትና ለክብደት መለኪያ የሚመጣ ሕፃን ሲታይ ስለ መቀመጡ፣ ስለ መራመዱና ስለ ንግግሩ እናቱን መጠየቅ ከጌዜል የወረደ ልማድ ነው።

መመርመሪያውን እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። ኩብ፣ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ወይም ሹካ አይቶ የማያውቅ ልጅ ቢሳሳት ዕቃው እንግዳ ስለሆነበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በ2010ሮቹ በጅማ የዴንቨር መመርመሪያ ሁለተኛ እትም ለአካባቢው ልጆች እንዲስማማ ተስተካክሎ እንደገና ተመዝኗል።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ምክር የጌዜልን ሁለት ትምህርቶች ያጣምራል። ልጅ በክልሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር አያስፈልግም። በ18 ወሩ ያልተራመደ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያላገጣጠመ፣ ሲጠሩት የማይዞር ወይም ቀድሞ ይችለው የነበረውን ያጣ ልጅ ግን በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ በጊዜ ካልታወቀ ቋንቋ የሚማርባቸው ዓመታት ያልፉታል።